ፍራንክፈርት ማለት ቡሬ ማለት ነው

በፍኖተ ሰላም ከተማ አውሮፕላን ላይ ወጥቶ የማያውቅ፣ ነገር ግን ስንቱን ሰው አውሮፕላን ላይ ያወጣ ቢፈለግ ወንዳወቅ ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ከሳቢሃ የጨርቅ ሱቅ አጠገብ፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ያላት ቤት አለችው። በሯ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የአውሮፕላን ቲኬት» ተብሎ ተጽፏል። እንጀራው የመጣበት ቅደም ተከተልም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ኮፒ ነበር። ወንዳወቅ በሒሳብ ተመርቆ ሁለት ዓመት ገጠር ካስተማረ በኋላ ማስተማሩን ተወና አንድ ማሽን ይዞ ከተማ ገባ። አንድ ቀን ቤይሩት ልትሄድ የተነሣች ልጅ ፓስፖርቷን ኮፒ ስታስደርግ ቲኬቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «ጋሼ፣ እስቲ ይሄ ምን ይላል?» አለችው። እንግሊዝኛው አልከበደውም፤ ነገሩ ግን አልገባውም። «ቦሌ ስትደርሺ ይነግሩሻል» ብሎ ሸኛት። ያቺ መልስ ሳምንት ሙሉ ከነከነችው። አስተማሪ የነበርሁ ሰው «አላውቅም» ማለት ከብዶኝ የሰው ልጅ በጭፍን ሸኘሁ ብሎ አፈረ። ከዚያ ወዲያ ሥራ በፈታ ቁጥር በስልኩ የአውሮፕላን ማረፊያ ቪዲዮ እያየ መማር ጀመረ።

ይኸው አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። ቦሌን በእግሩ ረግጦ ሳያውቅ ቀበቶ የሚፈታው የቱ ጋ እንደሆነ፣ የትኛው ወረፋ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ይናገራል። ጎረቤቱ ሳቢሃ «ወንዳወቅ እኮ መካን ሳያይ ሐጂ የሆነ ሰው ነው» እያለች ትስቅበታለች። እሱም አይቀየምም። ባሕር ዳር ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ቲኬቱን ይቆርጥለታል፤ ወንዳወቅ ደግሞ መንገደኛውን ያሰናዳል። ኪሎውን ይመዝናል፣ የተከለከለውን ከሻንጣ ያስወጣል፣ ሻንጣው ከተመዘገበ በኋላ የሚሰጠውን ቁራጭ ወረቀት ፎቶ አንስተው እንዲልኩለት ያስምላል። ቁራጩ ሳይደርሰው ያ ሰው ሄደ አይልም።

ከሁሉ በላይ ስሙን ያስጠራው ግን አንድ ሌላ ወረቀት ነው። ፊደል ላልቆጠረ መንገደኛ ሁሉ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ይጽፍለታል። «ስሜ እከሌ ነው፤ የማውቀው አማርኛ ብቻ ነው፤ የምሄደው ወደዚህ ቦታ ነው፤ እባክዎ መንገዱን ያሳዩኝ» ይላል። ላስቲክ ውስጥ ይከተዋል፣ ክር ያስርለታል፣ «ከአንገትዎ እንዳይለይ» ብሎ ያስረክባል። ከደንበጫ እስከ ቡሬ «የወንዳወቅ ወረቀት» ነው የሚባለው። ይህን ወረቀት ይዞ ጅዳ ወይ ዱባይ መንገድ ላይ የጠፋ አንድ ሰው የለም። ወንዳወቅ ይህን አይደብቅም። ሰው ባይጠይቀውም ይናገራል። ትንሽ ኩራት ቢጤ አለችበት፤ ያን የየካቲት ሳምንት ጉድ ያፈላችውም እሷው ናት።

ወይዘሮ እታለም የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። በዙሪያው ካለው ገጠር በርበሬ እየሰበሰቡ፣ ቡሬ ላይ መኪና እየቀየሩ፣ መራዊ ድረስ ሲያመላልሱ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ባላቸው በጊዜ ስለሞቱ ሀኒንና ላቀውን ያሳደጉት በዚሁ ንግድ ነው። ላቀው እዚሁ ገጠር እርሻውን ይዞ ቀረ። ሀኒ ነርስ ሆነች፤ ኋላም ገነነ የሚባል ጥሩ ሰው አግብታ ስዊድን አገር ጎተንበርግ በምትባል ከተማ ገባች። አሁን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። እናቷ መጥታ እንድታርሳት ለመነች፤ መጥሪያም ላከች፤ ቪዛውም ተገኘ።

ቲኬቱ ላይ ነው ነገሩ የጠመመው። ከባሕር ዳር ጎተንበርግ ድረስ ያለው አንድ ቲኬት በዚያ ወር አልቀመስ አለ። ሀኒ «ከፍራንክፈርት ወዲህ ያለውን እኔ ከሌላ አየር መንገድ በርካሽ ገዛለሁ፤ አንተ እስከ ፍራንክፈርት ቁረጥላት» ብላ ደወለች። ወንዳወቅም ቆረጠ። ሀኒ ሁለተኛውን ገዝታ የመሳፈሪያ ወረቀቱን ላከችለት፤ አተመው። ጥሩ ሥራ የሠራ መስሎት ተደሰተ።

ቅዳሜ ዕለት እታለም ገበያ ወጥተው ሳሉ ወደ ሱቁ ገቡ። ወንዳወቅ ወንበር ሰጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ ልማዱ ማስረዳት ጀመረ።

«እትዬ፣ ፍራንክፈርት ማለት ለአንቱ ቡሬ ማለት ነው። ከአንዱ መኪና ይወርዳሉ፣ ሌላውን መኪና ይይዛሉ፤ በቃ።»

«እሱስ ገባኝ። እቃዬስ?»

«እቃውን ይተዉት። ባሕር ዳር ያስረከቡትን ጎተንበርግ ነው የሚረከቡት። ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን እነሱው ያዛውሩታል።»

«ማን ነው የሚያዛውረው?»

«ሠራተኞቹ ናቸዋ።»

«ታውቃቸዋለህ?»

ወንዳወቅ ሳቀ። «አላውቃቸውም። ግን ሥራቸው ነው።»

«የቡሬ ጫኞችም ሥራቸው ነበር» አሉ እታለም።

ይህን ጥርጣሬ ለማስታገስ ብሎ ነው እንግዲህ ወንዳወቅ በዚያን ዕለት ወረቀቱ ላይ አንድ አዲስ መስመር የጨመረው። «ሻንጣዬ በቀጥታ ጎተንበርግ ስለሚሄድ ፍራንክፈርት ላይ አልቀበልም፤ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው አውሮፕላን በር ውሰዱኝ» ብሎ ጻፈ። በቀይ እስክሪብቶም ከሥሩ አሰመረበት። የሁለተኛውን በረራ የመሳፈሪያ ወረቀትም አብሮ አጥፎ ላስቲኩ ውስጥ ከተተው። «ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ። ከአንገትዎ እንዳይለይ!» አለ። እታለም መርቀውት ወጡ።

ሰኞ ሄዱ። ላቀው ባሕር ዳር ድረስ ሸኛቸው። ሻንጣቸው የአጃ ገንፎ ዱቄት፣ በርበሬና ሽሮ፣ ደግሞም ራሳቸው ፈትለው ያሠሩትን ጋቢ ይዟል። ማርና ቅቤው እዚያ አገር አይገባም ተብሎ በወንዳወቅ ትእዛዝ ቀርቷል።

ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወንዳወቅ ሱቁን ከፍቶ ማሽኑን እያሞቀ ሳለ፣ ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረው ኔትወርክ መጣና ስልኩ ጮኸ። ከላቀው የተላከ ፎቶ ነው። እታለምን አብራ የተሳፈረች አንዲት ሴት የሻንጣውን ቁራጭ አንስታ ለላቀው ልካለት ኖሮ፣ እሱ ደግሞ ማታውን አስተላልፎታል። ወንዳወቅ ፎቶውን አስፍቶ አየው። የባሕር ዳር ምልክት አለ። የአዲስ አበባ አለ። የፍራንክፈርት ሦስት ፊደል አለ። የጎተንበርግ ግን የለም።

እንደገና አየ። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ አየ። የለም።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየው። እስከ ዛሬ የሸኛቸው መንገደኞች ሁሉ መንገዳቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ቲኬት ነበር፤ ሻንጣቸውም በዚያው ቲኬት ይከተላቸዋል። እታለም የያዙት ግን ለየብቻ የተገዛ ሁለት ቲኬት ነው። አንደኛው አየር መንገድ ሁለተኛውን አያውቀውም፤ እቃውን እስከ ራሱ መጨረሻ አድርሶ ያወርዳል፣ እጁንም ያራግፋል። ከዚያ ባለቤቱ ነው ሻንጣውን ተቀብሎ፣ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ለሁለተኛው አየር መንገድ እንደ አዲስ የሚያስረክበው። ወንዳወቅ ይህን አልጠየቀም። ሳይጠይቅ አወቀ፤ ያወቀውንም በቀይ አሰመረበት።

አውሮፕላኑ ፍራንክፈርት የሚያርፈው በእኛ ሰዓት አንድ ተኩል ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። ለእታለም ስልክ ደወለ፤ ስልካቸው ከአገር ሲወጣ እንደማይሠራ እያወቀ ነው የደወለው። ለላቀው ደወለ፤ ላቀው ከባሕር ዳር ሲመለስ መንገድ ላይ ነውና አይሰማም። ሀኒ ጋ ደወለ። ያነሣው ባሏ ገነነ ነበር።

«ወንዳወቅ፣ ሆስፒታል ነን። ምጥ ይዟታል ከሌሊት ጀምሮ። እናቷን እየጠራች ነው። መጥተው ይሆን?»

 ወንዳወቅ ነገሩን በአጭሩ ነገረው። ገነነም «ፍራንክፈርት የማውቀው ሰው የለም። እሷን ጥዬም መሄድ አልችልም። ለእሷም አሁን አልነግራትም። አንተ የምትችለውን አድርግ» አለው። የሚችለውን ማለት ምንድን ነው? ወንዳወቅ የአውሮፕላን ማረፊያውን ስልክ ቁጥር ፈልጎ ደወለ። አንዲት ሴት በማሽን ድምፅ በጀርመንኛ ስታዘው፣ ቀጥሎ ዘፈን ሲዘፈንለት፣ ሰው ሳያገኝ የሞላው ካርድ አለቀ። ሌላ ሞላ። እሱም በዘፈን አለቀ።

አንድ ተኩል ሆነ። ሁለት ሆነ። ሳቢሃ ሱቋን ስትከፍት ፊቱን አይታ መጣች፤ ነገራት። ሳቢሃ ቀልደኛ ብትሆንም ቀልድ የማያስፈልግበትን ጊዜ ታውቃለች።

«እና ወረቀቱን አይተው ሻንጣውን ትተው ይሄዳሉ ነው የምትለኝ?»

«ወረቀቱ የሚለው እሱን ነው። የሚያገኛቸው ሰው ሁሉ ያነበዋል፤ ‹ሻንጣ አትቀበልም› ብሎ እየመራ በሩ ላይ ያደርሳቸዋል። ሻንጣው ፍራንክፈርት ይቀራል።»

«ሻንጣ ነዋ! ሰው ከደረሰ ምን አለ?»

«ሠላሳ ዓመት እቃቸው ጠፍቶባቸው የማያውቁ ሴት ናቸው፣ ሳቢሃ። በእኔ ወረቀት ሊጠፋባቸው ነው። ልጃቸውን በባዶ እጅ ሊያርሱ ነው።»

 ሳቢሃም «ላቀው ሲመጣ ራስህ ንገረው። ከሰው እንዳይሰማው» አለችና ወደ ደንበኞቿ ተመለሰች።

ላቀው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። በእጁ አንዲት ትንሽ ጀሪካን ይዟል።

«ወንዴ፣ እንዴት አደርህ! እናቴ ይሄን ለወንዳወቅ አድርስልኝ ብላለች። አይገባም ካልኸው ማር ላይ የተቀነሰ ነው። ነጩ ነው።»

ወንዳወቅ እጁን አልዘረጋም። «እዚያ አስቀምጠው» አለ።

«ምነው፣ አሞሃል እንዴ?»

«ኔትወርኩ ነው።»

በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። ሳቢሃ የወንዳወቅን መልስ ከበሯ ላይ ሰምታ ጨርቅ የምትለካበትን ሜትር እንደያዘች ብቅ አለች። «ሰው ኔትወርክ ያመዋል እንዴ! ንገረው እንጂ!»

ነገረው። ዓይኑን ከጀሪካኑ ላይ ሳያነሳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ሲጨርስ። ላቀው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቁጡ ሰው አይደለም። አንገቱን ደፍቶ ሳለ ድንገት ቀና አለ።

«ወረቀቱን ግን ማን ያነበዋል?»

«የሚያገኛቸው ሁሉ። አንገታቸው ላይ ነው አይደል?»

«አንገቷ ላይማ ነው። ግን አሰፋችው እኮ!»

«ምኑን?»

«ወረቀቱን ነዋ። በቆዳ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እታለም ቅዳሜ ዕለት ከወንዳወቅ ሱቅ እንደወጡ በቀጥታ ገበያው ጫፍ ቆዳ የሚሰፋው ሰውዬ ዘንድ ሄደዋል። ላስቲክ ይቀደዳል፣ ክር ይበጠሳል፤ እንዲህ ያለ ውድ ነገር ደግሞ ከአንገት እንዳይለይ ተብሏል። ላስቲኩን ከነወረቀቱ፣ ከነመሳፈሪያው፣ አራት አጥፈው በቀይ ቆዳ አራቱንም ጎን አሰፉት፤ በጠፍር አንገታቸው ላይ አሠሩት። ክታብ ሆነ። ክታብ ደግሞ ይታሠራል እንጂ አይከፈትም፤ ይህን በአገሩ የማያውቅ የለም።

ወንዳወቅ ይስቅ ወይ ያልቅስ ጠፋው። ስህተቱን ማንም ስለማያነበው ለአፍታ እፎይ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ሌላው ነገር ትዝ አለው። የሁለተኛው በረራ መሳፈሪያም ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ወረቀቱ ከተነበበ ሻንጣው ይቀራል፤ ካልተነበበ እታለም ራሳቸው ይቀራሉ። ቋንቋ የማያውቁ ሴት፣ የቱ አውሮፕላን ላይ እንደሚሳፈሩ የሚናገር አንዲት ቃል በእጃቸው ሳይኖር፣ ከተማ በሚያህል ሕንፃ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው አውሮፕላን ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል። ልጃቸው እዚያ ታምጣለች።

«ምን አደረግሁ!» አለ ወንዳወቅ፤ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ። «ምን አደረግሁ፣ ላቀው!»

ላቀው ተነሥቶ ትከሻውን ያዘው። «እናቴን አታውቃትም» አለ። «አንዴ ቡሬ ላይ በርበሬዋን የጫነው አይሱዙ ትቷት ሲነሣ፣ ፊት ለፊቱ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ አስቁማዋለች። አትቀርም እሷ።» ይህን ሲል ድምፁ ሙሉ አልነበረም። ሆኖም ተናገረው።

አምስት ሰዓት ላይ ገነነ ደወለ። ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ላቀው በእልልታ ሊነሣ ብሎ ወንዳወቅን አየና ተመልሶ ተቀመጠ። «ሀኒ አሁንም ‹እናቴ መጣች?› ትላለች» አለ ገነነ። «አውሮፕላኑ በእናንተ ሰዓት ሰባት ከአርባ ላይ ያርፋል። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው እየሄድሁ ነው። ካልወጡ ምን እንደምላት አላውቅም።»

ስድስት ሰዓት አለፈ። አውሮፕላኑ ተነሥቷል፤ እታለም ላዩ ላይ ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ የለም። ወንዳወቅ ደንበኛ ሲመጣ ኮፒ ያደርጋል፣ ገጹን ገልብጦ ያደርጋል፣ እንደገና ያደርጋል። አንዱ ደንበኛ «ወንዳወቅ፣ የእኔን የልደት ካርድ ስንት ጊዜ ልታባዛው ነው?» አለው። ሳቢሃ ሥጋ ሳይገባበት አሠርቼዋለሁ ብላ ሽሮ አመጣችላቸው፤ ሁዳዴ ገብቷልና። ላቀው ትንሽ ቀመሰ። ወንዳወቅ ጉርሻዋን እንኳ ለሳቢሃ ክብር ሲል ነው የዋጣት።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጠራ። ወንዳወቅ ማንሣት አቃተው፤ ላቀው ነጥቆ አነሣው። የሰማውን ከመናገሩ በፊት እንባው ቀደመው።

«ወጣች!» አለ። «ወጣች! ሻንጣውንም እየገፋች ነው!»

እልል ያለችው ሳቢሃ ናት። ኮፒ ሊያስደርጉ የመጡ አራት ሰዎች ነገሩን ሳያውቁት አብረው እልል አሉ። ወንዳወቅ ከጠረጴዛው ኋላ ወረደና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እንደ ልጅ አለቀሰ፤ አላፈረም።

አሥር ሰዓት ላይ እታለም ራሳቸው ደወሉ። በምስል ነው። ፊታቸው ስልኩን ሞልቶታል፤ ከኋላቸው አልጋ ላይ ሀኒ ተጋድማ ትስቃለች፤ የማትታየው ሕፃን ደግሞ ትነጫነጫለች። ወሬው ተሰምቶ ስለነበር ሱቋ ሰው ሞልቷል።

«ወንዳወቅ ልጄ፣ እንዴት ዋልህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንኳን ማርያም ማረቻት፣ እትዬ! እንዴት ደረሱ? እንዴት አድርገው ደረሱ?»

«እንዴት ማለት? ፍራንክፈርት ቡሬ ነው አላልኸኝም? እንደ ቡሬ አደረግሁ። ቡሬ ላይ ሰው ከመኪና ወርዶ ዝም ብሎ ወደ ሌላው መኪና ይሮጣል እንዴ? ጭነቱ ሲወርድ ቆሞ ያያል እንጂ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ፓስፖርት ላይ ማኅተም የሚመታው ሰውዬ ብዙ ለፈለፈብኝ፤ የሀኒን መጥሪያ ሰጠሁት፣ መታልኝ። ከዚያ አብረውኝ የወረዱትን ሰዎች እግር እግራቸውን ተከተልሁ። ሰው እቃውን ሳይዝ የት ይሄዳል ብዬ ነው። እውነትም እቃው ያለበት ወሰዱኝ። ጫኝ የለ፣ ረዳት የለ፣ የሚጮህ የለ፤ እቃው ብቻውን በጎማ መንገድ ላይ እየዞረ ይመጣል። የእኔው ሻንጣ ከሩቅ ታየኝ። ዘልዬ ያዝሁት!»

ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ። እታለም ግን አልሳቁም።

«ከዚያ ሰው ሁሉ ሄደ» አሉ። «ብቻዬን ቀረሁ። ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈራሁ። ልጄ እየወለደች ይሆናል፣ እኔ እዚህ እሞታለሁ ብዬ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ብዙ ቆየሁ እንደዚያ። በኋላ ወለል የምታጸዳ ሴት መጣች፤ አንገቷ ላይ ማተብ አየሁ። ‹ማተብ ያሠርሽ፣ ስለ ወላዲት አምላክ!› ብዬ ጮህሁ። ኤርትራዊት ናት። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ለእኔ ግን ከዜማ ይጥም ነበር። ‹ቲኬትሽ የታል፣ እማማ?› አለችኝ። አንገቴን አሳየኋት። ‹ይሄማ ክታብ ነው› አለች። ‹ክታብ አይደለም፣ ወንዳወቅ የጻፈው ነው፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው› አልኋት። መቀስ የለ፣ ምን የለ፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።»

እዚህ ላይ እታለም ወደ ሕፃኗ ዞር ብለው አዩና ቀጠሉ። 

«አነበበችው። ከዚያ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ሻንጣውን እንደገና አስረከብን፤ ሊዘጉ ሲሉ ደረስን። በሩ ድረስ ሸኝታኝ፣ ስማኝ ተመለሰች። እግዚአብሔር ይስጣት።»

ምን እንዳነበበች አልተናገሩም። ከበሩ አጠገብ የቆመ አንድ ሽማግሌ «አይ የወንዳወቅ ወረቀት! ፍራንክፈርት ድረስ ይሠራል» አለ። ሌላውም «ለእኔም ልጅ ትጽፍላታለህ፤ ከፋሲካ በኋላ ትሄዳለች» አለ። ነገሩ እዚያ ሊያበቃ ይችል ነበር። ሳቢሃ አታወራም፤ ላቀውም አያወራም። ወንዳወቅ ዝም ቢል ስሙ እንደነበረ ይቀር፣ ምናልባትም ይጨምር ነበር። ዝም ሊል እንደዳዳውም ልደብቅላችሁ አልችልም።

«እትዬ» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ፤ «ወረቀቱ ልክ አልነበረም። ሻንጣው በቀጥታ አይሄድም ነበር፤ ሁለት ቲኬት ለየብቻ ሲገዛ እቃው መሐል ላይ ይወርዳል። እኔ አላወቅሁም ነበር። ሳላውቅ ጻፍሁት። ወረቀቱን አምነው ቢሄዱ ሻንጣዎ ጠፍቶ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

 ሽማግሌው መቋሚያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። እታለም ስልኩ ውስጥ ሆነው ትክ ብለው አዩት።

«አውቄዋለሁ» አሉ። «ልጅቱ እያነበበች ስትስቅ ነግራኛለች። ‹ይህን የጻፈው ሰውዬ ሻንጣሽን ሊያስጥልሽ ነበር› አለችኝ። እኔ በሰው ፊት የማነሣው አልነበረም። አንተው ካነሣኸው ግን ጥሩ ሰው ነህ። ይቅር ለእግዜር።» ከዚያ ድምፃቸውን እንደ ነጋዴነታቸው ጊዜ ኮስተር አደረጉት። «በል አሁን ብዕር ያዝ።»

«ለምን፣ እትዬ?»

«የመመለሻዬን ወረቀት ልትጽፍ ነዋ።»

«መመለሻዎ እኮ ገና ሦስት ወር አለው!»

«ሳልረሳው ነው። ዛሬ እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ።»

ወንዳወቅ ወረቀት ሳበ። ሰማያዊውን እስክሪብቶ አነሣ። ላቀው ስልኩን ከፍ አድርጎ ያዘለት።

«ስሜ እታለም ነው በል።» ጻፈ። «አማርኛ ነው የምናገር በል።» ጻፈ። «የምሄደው ፍኖተ ሰላም ነው በል።» ጻፈ። «ከዚያ ‹ይቺ ሴት እቃዋን በዓይኗ ሳታይ አትሳፈርምና አታጣድፏት› በል።»

ወንዳወቅ መጀመሪያ በአማርኛ እንዳሉት ጻፈው፤ ከሥሩ ደግሞ በእንግሊዝኛ። ሲጨርስ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «ድገመው» አሉት፤ ደገመላቸው።